ክር ልትገዛ ሚዛን የምትሄደው ሴት

ቁመቴን እግዜር ስላሳጠረው የምገዛው ሱሪ ሁሉ ይረዝመኛል። ስለዚህ ማናልሞሽ ዘንድ ሳልሄድ ብዙ አልቆይም። በረንዳዋ ላይ የስፌት መኪናዋ አለች፤ ከመኪናዋ አጠገብ ደግሞ ደንበኛ የሚቀመጥባት አግዳሚ ወንበር አለች። እዚያ ተቀምጬ ሱሪዬ እስኪያጥር እጠብቃለሁ። ይህን ታሪክ የነገረችኝ እንደዚያ እየጠበቅሁ ነው፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሱሪ በሱሪው።

የከተማችንን ስም አልጠራም። ከሚዛን ተፈሪ ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቡናና በኮረሪማ መሀል የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት ማለት ይበቃል። የሰዎቹንም ስም ቀያይሬዋለሁ። ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ከማናልሞሽ አልጋ ሥር አንድ ትልቅ ካርቶን አለ። ውስጡ ክር ነው። ዩኒፎርም የሚሰፋበት ሰማያዊ ክር እንዳይመስላችሁ፤ ወይን ጠጅ፣ ብርቱካንማ፣ በእኛ ከተማ ማንም ለብሶት የማያውቅ ዓይነት አረንጓዴ። ቁልፉና ዚፑም አይጣል ነው። ለሰው ሁሉ የምትለው "ክር አለቀብኝ፣ ሚዛን ደርሼ ልምጣ" ነበርና ባዶ እጇን እንዳትመለስ የሆነ ነገር ገዝታ ትመጣለች። በዚያ ክር ከተማውን አልብሳ ለሸኮም ይተርፋታል።

ሚዛን የምትሄደው ለክር አልነበረም። ለልጆቿ መድኃኒት ነበር።

ማናልሞሽ የተወለደችው ጤፒ ነው። አባቷ ከጎጃም መጥቶ ቡና እርሻ ውስጥ ተቀጥሮ እዚያው የቀረ ሰው ነበር። እሷ ባል ሳታገባ ታናሽ እህቷ ወለደች፤ ወልዳም ብዙ ሳትቆይ ታማ ሞተች። ሕፃኗ ህሊና ማናልሞሽ እጅ ላይ ቀረች። ሐኪም ቤት ሲመረምሯት እናቷን የገደለው ቫይረስ ከልጅቷም ደም ውስጥ ተገኘ። መድኃኒት ጀመረችና ወፈረች፣ ዳዴ አለች፣ አድጋም ትምህርት ቤት ገባች። አንዲት እናት ነገሩን ከየት እንደሰማችው እንጃ፤ በማግስቱ ህሊና ለሦስት በሚቀመጡበት ዴስክ ላይ ብቻዋን ተገኘች።

"መምህሩ ምንም አላለም?" አልኳት፣ መቀሷን እያየሁ።

"ብሏል እንጂ። 'እንግዲህ ሰፋ ብለሽ ተቀመጪ' አላት።"

እኔም ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ማናልሞሽ ግን አልተናደደችም። የስፌት መኪናዋን አይሱዙ ላይ ጭና፣ ልጅቷን ይዛ፣ ማንም ወደማያውቃት ወደኛ ከተማ መጣች።

እዚህ ስትገባ በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ክፍል የተከራየችው ሐፍሳ ከምትባል፣ ከስልጤ ከመጣች የልብስ ነጋዴ ጋር ነበር። ሐፍሳም ለማንም ያልነገረችው ያው ጉድ ነበራት። ሁለቱ ምስጢራቸውን ሲገላለጡ ማናልሞሽ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አለች። የሚያሳዝነው፣ እፎይታው አልቆየም። ሐፍሳ መድኃኒቱን ከመጀመሯ በፊት ሳንባዋ ተጎድቶ ነበርና በሁለተኛው ክረምት ሞተች። ልጇ ሱሀይብ ገና በእግሩ መሄዱ ነበር፤ ቫይረሱ ከእሱም ደም ውስጥ ነበር። ዘመዶቿ መጥተው ሸቀጡን ጫኑ፤ ልጁን ግን "ተመልሰን እንወስደዋለን" ብለው ተዉት። ሸቀጡን ለመጫን የፈጠኑትን ያህል ለመመለስ አልፈጠኑም፤ እነሆ እስካሁን በመንገድ ላይ ናቸው።

ሐፍሳ ሳትሞት "ልጄን በሃይማኖቱ አሳድጊልኝ" ብላት ነበር። ማናልሞሽ ማተቧን ያሰረች፣ አንድ ጾም የማትሽር ክርስቲያን ናት። ቃሏን ግን ጠበቀች። ዓርብ ዓርብ ሱሀይብን አጥባ፣ ቆቡን አድርጋለት፣ እስከ መስጊዱ በር ትወስደዋለች፤ እዚያ ሥጋ ሻጩ ሸምሱ እጁን ይዞ ያስገባዋል። ቤቷ ውስጥ ሁለት ድስት አለ። አንደኛው የእሷና የህሊና ነው፤ ሁለተኛው ከሸምሱ ቤት የተገዛ ሥጋ የሚበስልበት የሱሀይብ ድስት ነው። ከዚያኛው ድስት አትቀምስም። ስለዚህ ሱሀይብ በርጩማ ላይ ቆሞ፣ ማንኪያውን ልሶ፣ እንደ ትልቅ ሰው ቅንድቡን ሰብስቦ ይፈርዳል።

"ጨው አነሰ?" ትለዋለች።

"ትንሽ፣ ማናዬ" ይላታል። ሁልጊዜ ትንሽ ነው የሚያንሰው።

ከዚህ ውጭ ቤቷ ዝግ ነበር። ጠዋት የሬዲዮው ዜና ሲጀምር በሯን ትዘጋለች፤ ክኒኑን ትሰጣቸዋለች፤ ዜናው ሲያልቅ ትከፍታለች። እድር ትከፍላለች፤ ለቅሶ ትደርሳለች፤ ግን ሰው ወሬ ሳይጀምር ትነሳለች። ልጆቿ ሰው ቤት አይገቡም፤ የሰው ልጅም እነሱ ቤት አይገባም። ጎረቤቱ "ኩራት ነው" አለ። እኔም ብያለሁ።

"ሦስት ሰው ከሆንን ይበቃናል ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር" አለችኝ።

"ይበቃል?"

"አይበቃም፣ ጋሽ ጌታሁን።"

ከመንገዱ ማዶ፣ ከእሷ በር ትይዩ፣ ዳቦ ጋግረው የሚሸጡ እትዬ ወርቅአፈራሁ የሚባሉ ሴት አሉ። ሚርያም የምትባል የልጅ ልጃቸውን ያሳድጋሉ። ከማናልሞሽ ጋር መንገድ ለመንገድ "እንዴት አደርሽ"፣ "እንዴት ዋሉ" ይባባሉ ነበር። አንድ ቀን ማናልሞሽ ሚዛን ሆስፒታል ገብታ፣ መድኃኒት የሚጠበቅበት ወንበር ላይ ልትቀመጥ ስትል፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ሴት ሚርያምን አቅፈው ተቀምጠዋል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እትዬ ወርቅአፈራሁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማናልሞሽም ሄዳ በስተኋላ ቆመች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታው በአንገት ብቻ ሆነ። በከተማው ውስጥ አንድ ዓይነት ምስጢር ያላቸው ሁለት ሴቶች ከሁሉ የተራራቁ ሆኑ።

ይሄ የሁለቱ ብቻ ጠባይ አይደለም። በእኛ አገር ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሰፈሩ አይወስድም። የኛ ከተማ ሰው ሚዛን ይሄዳል፤ የሚዛኑ ጤፒ ይሄዳል፤ የጤፒው ደግሞ ከዚያም ይርቃል። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እያልን እንተርታለን። ተረቱ የሚጥመው በሽታው የሌላ ሰው ሲሆን ነው።

እንግዲህ ያ ክረምት መጣ። ክረምት ሁሌም ይመጣል፤ ያኛው ግን ቂም ይዞ ነው የመጣው። በሐምሌ መግቢያ በኛና በሚዛን መካከል ያለውን ድልድይ ወንዙ ጠራርጎ ወሰደው። ሳምንት ሳይሞላ በሸኮ በኩል ደግሞ ናዳ ወርዶ መንገዱን ዘጋ። ዘይት ጠፋ፣ ስኳር ጠፋ፤ ሰው ጎደሬውንና ሙዙን እየበላ ዝናቡን ይራገም ጀመር። የማናልሞሽ ጭንቀት ሌላ ነበር። ህሊና ትልቅ ልጅ ስለሆነች ለወራት የሚበቃ የአዋቂ ክኒን ነው የሚሰጧት። የሱሀይብ ግን ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የልጅ ክኒን ነው፤ ኪሎው በጨመረ ቁጥር ልኩ ስለሚቀየር ጥቂት ጥቂት ነው የሚሰጡት። ያ ጥቂት ሊያልቅ ነው።

ማናልሞሽ ታዲያ ማንኛዋም ባለሙያ ሴት የምታደርገውን አደረገች። አበቃቃች። እናቶቻችን ክረምቱን ያሻገሩን በማብቃቃት አይደል? ሽሮው ሲያንስ ውሃው ይበዛል፤ ዱቄቱ ሲያንስ እንጎቻው ያንሳል። ዛሬ ሙሉ ክኒን፣ ነገ ምንም፤ ከዚያ ደግሞ ግማሽ ግማሽ። እየቆረጠች ስታስቀምጥ ደስ ይላት ነበር። ለሚያውቋት ሴቶች ብትነግራቸው ያመሰግኗት ነበር፤ የሚነገር አልሆነም እንጂ።

"እቴቴ፣ ሱሀይብ ዛሬ አልጠጣም" አለች ህሊና።

"ነገ ይጠጣል።"

"ሲስተር ዲቦራ አንድ ቀን እንኳ አትዝለሉ ብላለች።"

"እንግዲያው ሲስተር ዲቦራ መጥታ ድልድዩን ትሥራልኝ!"

ህሊና የክኒኑን ጠርሙስ ከድና ቦታው መለሰች። ለማናልሞሽ ግን ነገሩ አልዋጥ አላት፤ ስልክ ይሠራል ወደሚባልበት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ወጥታ ሚዛን ደወለች። ሲስተር ዲቦራ የልጆቹን መድኃኒት የምትሰጣት ነርስ ናት።

"አይዞሽ ሲስተር፣ እያበቃቃሁለት ነው" አለቻት፣ በኩራት።

"እትዬ ማናልሞሽ፣ ይሄ እኮ ዱቄት አይደለም" አለች ሲስተር ዲቦራ። "መድኃኒቱ ሲያንስበት ቫይረሱ አይሞትም፤ ይለማመደዋል። ከለመደው በኋላ ሙሉውን ብትሰጪውም እሺ ላይል ይችላል። የቀረውን እንደ ድሮው ሙሉ ሙሉውን ስጪው። ደግሞ ሳያልቅ እዚያው ጤና ጣቢያችሁ ሂጂና አስመዝግቢው። እነሱ ከጠየቁኝ፣ ክትባት ከሚያሻግሩት ሰዎች ጋር አሽጌ እልካለሁ።"

"ለኔ ላኪልኝ።"

"በማን? መድኃኒት ለመንገደኛ አላስይዝም። ከጤና ጣቢያ መጠየቅ አለበት።"

"እዚያ እኮ ጥሩነሽ ናት ያለችው።"

"ጥሩነሽ ማናት?"

ይህን ለሚዛን ሰው እንዴት ብሎ ማስረዳት ይቻላል? ጥሩነሽ የጤና ጣቢያው ካርድ አውጪ ናት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ጠዋት አፏ ውስጥ የገባ ነገር ከሰዓት በኋላ ገበያ ይውላል። የባለሥልጣኑን ኪንታሮት ከባለሥልጣኑ ሚስት በፊት የሰማነው ከጥሩነሽ ነው። ማናልሞሽ ስልኩን ዘጋችና ጉብታው ላይ ቁጭ አለች። ጤፒን አሰበች፤ የሦስት ሰው ዴስክ ላይ ብቻዋን የተቀመጠችውን ልጅ አሰበች። ደግሞ የት ነው የሚሄደው? መኪናዋን ጭና የምትሸሽበት መንገድ እንኳ ተቆርጧል።

የቀረውን ሙሉ ሙሉውን ሰጠችው። አለቀ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አንድ ማለዳ ሱሀይብን ለህሊና ትታ በእግሯ ወደ ሚዛን ተነሳች። በቡናው መሀል፣ ጭቃው ጫማዋን እየጎተተ፣ ድልድዩ ከነበረበት ደረሰች። ወንዙ ቡናማ ሆኖ ግንድ ይዞ ይወርዳል። በማዶ አንድ ሚኒባስ ቆሟል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ሚዛን! ሚዛን! የሞላ!" ይላል። ከአጠገቡ ነፍስ ያለው ፍጡር የለም፤ ልማድ ሆኖበት ነው የሚጮኸው። ማናልሞሽ ሳቀች። ብቻዋን፣ እስኪያማት ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደ። ወንዙን ሰው የሚያሻግሩት ወንዶች "ዛሬ ዋናተኛም አይሞክረው፣ ተመለሺ" አሏት። ተመለሰች።

ሱሀይብ መጀመሪያ አፉ ውስጥ ነጭ ነጭ ወጣበት። ከዚያ ትኩሳት፤ ከዚያ ግራ ጆሮው መግል ያመጣ ጀመር። ማናልሞሽ ውሃ ታፈላለች፣ ታቀዘቅዛለች፣ ታጠጣዋለች። አጥሚት ታሞቅለታለች። ጆሮውን በንጹሕ ጨርቅ ትጠርጋለች። ከመድኃኒት መደብር የትኩሳት ሽሮፕና የጆሮ ጠብታ ገዛች፤ መደብሩ የጠየቃትን ሁሉ "ብርድ ነው" እያለች። ማስታመም ታውቅበታለች፤ እህቷን አስታማለች፣ ሐፍሳን አስታማለች። ሁለቱንም ቀብራለች። ይህ ዕውቀት ነበር የሚያስፈራት።

አንድ ቀን ከሸምሱ ቤት አጥንት ገዝታ በሱሀይብ ድስት መረቅ አወጣች። ፍልሰታ ነው፤ እሷ ከቆሎ በቀር አልቀመሰችም። በርጩማው ላይ መቆም ስላልቻለ አልጋው ድረስ ማንኪያውን ወሰደችለት።

"ጨው አነሰ?"

ቀመሰ። ምንም አላለም። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

"ሱሀይብ፣ ጨው አነሰ ወይ?"

አሁንም ዝም። አኩርፎ መሰላት። ወዲያ ሄዳ በሌላው ጎኑ አጎንብሳ ስትደግምለት ፈገግ አለና "ትንሽ" አላት። በግራ ጆሮው እንደማይሰማ ያወቀችው ያኔ ነው። ጨው ልትጨምር ወደ ድስቱ ተመለሰችና ጨው ከየት እንደምታነሳ ጠፋት።

ሲመሽ መንገዱን ተሻገረችና የእትዬ ወርቅአፈራሁን በር አንኳኳች። በሩ ትንሽ ተከፈተ። የዳቦው ሽታ ወጣ።

"ምነው ልጄ፣ ደህና?"

"እትዬ ወርቅአፈራሁ፣ እንደው... የሚርያም ካላችሁ፣ ለጥቂት ቀን የሚሆን..."

"የሚርያም ምን?"

"ያ... ሚዛን የምንሄድበት።"

አሮጊቷ አላዩአትም። ሆስፒታሉ ውስጥ ግድግዳውን ያዩ እንደነበረው፣ ጉበኑን ያያሉ።

"እኔ ሚዛን የምሄደው እህቴን ልጠይቅ ነው" አሉ። "ቤት ተሳስተሻል።"

በሩንም ዘጉት። ቢያላጉት ይሻላት ነበር። ቀስ ብለው፣ እንደሚያዝን ሰው፣ እንጨቱን ሳያሰሙ ነው የዘጉት።

ቤት ስትገባ ህሊና ጠረጴዛው ላይ የራሷን የክኒን ጠርሙስ አቁማ፣ ከጎኑ ቢላዋ አስቀምጣ ትጠብቃታለች።

"እቴቴ፣ የኔን ግማሽ ግማሽ እንካፈል። እናብቃቃው።"

ማናልሞሽ ቢላዋውን አንስታ ወደ ማጀት ወረወረችው። የተናገረችውን አታስታውስም፤ የምታስታውሰው ልጅቷን አቅፋ ጎረቤት እስኪሰማ ማልቀሷን ነው። ማብቃቃትን ለልጅቷ ያስተማረችው ራሷ ናት። አሁን ሁለት የታመሙ ልጆች እንዲኖሯት ከፈለገች ዝም ማለት ነበረባት። ካልፈለገች ደግሞ መሄጃው አንድ ነበር።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ሱሀይብን በጋቢ ጠቅልላ አዝላ፣ ህሊናን አስከትላ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሰልፉ ከበረንዳው ወጥቷል፤ ክትባት የያዙ እናቶች፣ ወባ ያንቀጠቀጣቸው ቡና ተሸካሚዎች። ተራዋ ደርሶ መስኮቱ ላይ ስትቆም ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር።

"ማናልሞሽ! አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?" አለች ጥሩነሽ።

"እኔ አይደለሁም፤ ልጁ ነው።"

"ምኑን?"

ማናልሞሽ ወደ መስኮቱ ተጠግታ በዝግታ ተናገረች።

"ምን? ዝናቡ! ጮክ በይ እንጂ!"

"ኤችአይቪ አለበት!" ብላ ጮኸች። "ከተወለደ ጀምሮ። መድኃኒቱ አልቋል። መዝግቢልኝ!"

ከኋላዋ ከሰልፉ አንድ ሕፃን ብቻ ያለቅሳል። ጥሩነሽ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። ማናልሞሽ የጠበቀችው ሣቅ ወይም "ውይ!" ነበር። ጥሩነሽ ግን ድምጿ ወርዶ፣ "ለአዋቂ አለን። የልጅ መድኃኒት ግን የለንም" አለቻት።

"ለምን አይኖርም?"

"ልጅ የለንማ። እዚህ የተመዘገበ አንድም ልጅ የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ለሌለ ልጅ ማን ይልክልናል?"

ማናልሞሽን የሚዛኑ ሆስፒታል ወንበር ትዝ አላት። ነጠላ የተከናነቡት ሴቶች፣ በየጭናቸው ያሉት ልጆች። ሚርያም። ከእህል ወፍጮው ሠፈር የምትመጣዋ፣ ሁልጊዜ ጀርባዋን የምትሰጣት ሴት። በጫማቸው ጭቃ የኛ ከተማ ሰዎች መሆናቸውን የምታውቃቸው። ሁሉም እዚህ የሉም። እሷም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልነበረችም።

"ከዛሬ ጀምሮ አለ በይ" አለች። "ሱሀይብ ብለሽ ጻፊ። ይህችኛዋም ህሊና ትባላለች።"

ጥሩነሽ ጻፈች። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጉብታው ላይ ወጥቶ ሚዛን ደወለ። ወንዙ ጎደል ሲል፣ ክትባት በጀርባቸው የሚያሻግሩ ሰዎች አንድ የታሸገ ፓኬት ይዘው መጡ። የአንድ ልጅ መድኃኒት ነበር፤ የተመዘገበው የልጅ መድኃኒት ተጠቃሚ አንድ ነዋ። ሱሀይብ ቀስ እያለ አገገመ። አፉ ጠራ፣ ትኩሳቱ ተወው። ግራ ጆሮው ግን አልተመለሰም። መድኃኒቱ አሁንም እንደሚሠራለት ሲስተር ዲቦራ በኋላ ደሙን አስመርምራ ነግራታለች። ይህ የእግዜር ቸርነት ነው እንጂ ለማብቃቃት ምስክር አይሁን።

ወሬው እስከ ማታ ገበያውን ጨርሶ ነበር። ጥሩነሽ ታውራው፣ ሰልፉ ያውራው፣ ማን ያውቃል። ማንም አልሰደባትም፤ በድንጋይም አልመታትም። እንዲህ ያለ ነገር ቢሆን መጣላት ይቻል ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ክረምቱ ማለቂያ የዩኒፎርም ወቅት ነው፤ በሌላው ዓመት አግዳሚዋ ወንበር ላይ እናቶች ተገፋፍተው ይቀመጡ ነበር። ዘንድሮ እኔና ሱሪዬ ብቻ ሆንን። አንዲት ሴት የሰጠቻትን ጨርቅ ሳይቆረጥ መልሳ ወሰደች፤ "ልጁ ኪሎ ጨምሮ ልኩ ተቀየረ" አለች፣ ልክ ገና ሳይወሰድ። ሸምሱ ግን የልጆቹን ሁሉ ጨርቅ በአንድ ፌስታል አምጥቶ፣ "ሜትሩን አንቺ ታውቂዋለሽ" ብሎ ሄደ።

ማናልሞሽ ጠዋት ዜናው ሲጀምር በሯን መዝጋት ተወች። ምን ቀራት? በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ክኒኑን በብርጭቆ ታሟሟለች፣ ህሊና የራሷን ትውጣለች።

"በሩን ስዘጋ ሰው ሁሉ ወደኔ የሚያይ ይመስለኝ ነበር" አለችኝ። "ስከፍተው ማንም አያይም። ያኔ ነው የባሰ ብቻዬን የሆንኩት።"

ሱሪዬን ተቀብዬ ሄድኩ።

ከመስቀል በፊት አንድ ጠዋት፣ ድልድዩ ገና አልተሠራም፣ ሬዲዮው ዜናውን ሲጀምር እትዬ ወርቅአፈራሁ መንገዱን ተሻግረው መጡ። በእጃቸው የሴት ልጅ ጉርድ ቀሚስ ይዘዋል። አግዳሚዋ ላይ ተቀመጡ። ማናልሞሽ ክኒኑን ስታሟሟ፣ ሱሀይብ ብርጭቆውን ጨልጦ አፉን በእጅጌው ሲጠርግ አዩ።

"ምን ላድርግልዎ?" አለች ማናልሞሽ ቀሚሱን ተቀብላ።

"ወገቡን አጥብቢልኝ። ሰፍቷታል።"

ማናልሞሽ ቀሚሱን ዘረጋችው። ራሷ የሰፋችው፣ የዓምናው የሚርያም ቀሚስ ነበር። ዓምና የሰፉለት ቀሚስ ዘንድሮ ለልጅ ይጠበዋል እንጂ አይሰፋውም። እጇ መኪናው ላይ ቆመ።

"ያን ዕለት በሬን ስታንኳኪ" አሉ እትዬ ወርቅአፈራሁ፣ መሬት መሬቱን እያዩ፣ "የኛም አልቆ ነበር።"

"አሁንስ?"

"አሁንማ... ድልድዩ ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ይሠራል እያልኩ።"

ማናልሞሽ ልትቆጣ ፈለገች። አፏ ድረስ የመጣ ነገር ነበር። ዋጠችውና ተነስታ ነጠላዋን አነሳች።

"ልጅቷን ይዘዋት ይምጡ። አብረን እንሄዳለን።"

አሮጊቷ ቤት ገብተው ዘገዩ። ማናልሞሽ በሩን አላንኳኳችም፤ ጠበቀች። በመጨረሻ ሚርያምን አዝለው፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ወጡ።

"አንቺ ቅደሚ" አሉ። "እኔ በዚያኛው ጠርዝ እመጣለሁ።"

እንዲሁ ሄዱ። ማናልሞሽ በቀኝ ጠርዝ፣ እሳቸው በግራ ጠርዝ፣ እንደማይተዋወቅ ሰው። ባጃጅ በመጣ ቁጥር አሮጊቷ ይቆማሉ፣ ፊታቸውን ወደ አጥሩ ያዞራሉ። ማናልሞሽም ያኔ የጫማዋን ጭቃ የምትጠርግ መስላ ትቆማለች። ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ሰልፉ አልቆ፣ በረንዳው ጭር ብሎ፣ ጥሩነሽ ለምሳ ልትወጣ የመስኮቱን መዝጊያ ትስብ ነበር።

ማናልሞሽ ሮጣ እጇን መዝጊያው ላይ አደረገች።

"አትዝጊው። ገና አንድ ሰው አለ።"

ጥሩነሽ አንገቷን አውጥታ በረንዳውን አየች። ማንም የለም። ወደ በሩ አየች፤ እዚያም ማንም የለም፤ ከአጥሩ ጥግ የነጠላ ጫፍ ብቻ ይታያል። ማናልሞሽን አየቻት። አፏን ልትከፍት ብላ ተወችው። ከዚያ የምሳ ዕቃዋን ወንበሩ ሥር መለሰች፤ እስክሪብቶዋን አነሳችና ቁጭ አለች።